ባለሽቦው ለቅሶ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ የጥንቶቹ። ሰፈሩ ሁሉ ስለ አንተ የሚያወራውን አንተ ብቻ አትሰማም ለማለት ነው። እኔን ግን ይህ ተረት በተነሣ ቁጥር የሚታወሰኝ የጆሮ ማዳመጫ ነው። መቼም ታክሲ ውስጥ ጆሮውን ደፍኖ ብቻውን ራሱን የሚወዘውዝ ጎረምሳ አጋጥሟችሁ ያውቃል። ወራጅ አለ ለማለት አፉን ሲከፍት ረዳቱ ይደነግጣል፣ ሾፌሩ ፍሬን ይረግጣል። ጆሮው የተደፈነ ሰው የራሱን ድምፅ አይሰማምና ሹክ ያለ እየመሰለው ያውጃል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፤ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ወደ ዶሮ ማነቂያ ቁልቁል በሚወርደው መንደር። እኔ አራት ኪሎ አንድ መሥሪያ ቤት ወንበር አሞቅ ነበር። ከጎረቤቴ ከታምሩ የሚለየኝ አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም ከመለየት ይልቅ ማስተላለፍ ይቀናው ነበር።

ታምሩ የሙዚቃ ሰው ነው። ቀድሞ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር ይጫወት ነበር፤ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ማታ የሚዝናና ሰው ጠፋና ባንዱ ተበተነ። ዘፋኙ ወደ አገሩ ገባ፣ ከበሮ መቺው የቀበሌ ኪነት ውስጥ ተመደበ፣ ሳክስፎን ነፊው የት እንደገባ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ያኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠየቅም። ለታምሩ በድርሻው የደረሰችው አንዲት የኤሌክትሪክ ኦርጋን ናት። ኪነቱ እሱንም ሲጠራው ወገቤን ያመኛል አለ። የአራዳ ልጅ ወገቡን የሚያመው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከዚያ በሩን ዘጋና ብቻውን ባንድ ለመሆን ቆረጠ።

እንዴት መሰላችሁ? ሁለት አሮጌ ቴፖች ነበሩት። መጀመሪያ ወፍራሙን ድምፅ ተጫውቶ በአንደኛው ይቀዳል። ቀጥሎ እሱን እያሰማ በላዩ ቀጭኑን እየተጫወተ ሁለቱንም በሌላኛው ይቀዳል። ደግሞ ይመለሳል፣ ደግሞ ይደርባል፤ አንድ ሰው ባንድ እስኪሞላ። ከበሮ ስላልነበረው ወርቅ ቤቶቹ ጓሮ ሄዶ የአንጥረኞቹን መዶሻ ቀዳ። የልብስ ሰፊዎቹን መኪና፣ የቆራሌውን ጥሪ፣ የጊዮርጊስን ደወል ቀዳ። መንደሩም ሳቀበት። የአንጥረኛ መዶሻ ለመስማት ቴፕ ምን ያደርጋል፣ መስኮት መክፈት ነው እንጂ፣ አሉ። ለእኛ ሰፈር ሙዚቃ ማለት ሰው ተሰብስቦ የሚያልበው ነገር ነው፤ አንድ ሰውና አንድ ጥቅል ሽቦ ምኑ ሙዚቃ ይሆናል? «ባለሽቦው» የሚል ስም ወጣለት።

እኔም ከሳቂዎቹ ነበርኩ፤ የጆሮ ማዳመጫውን ራሴ ላይ እስኪያጠልቅልኝ ድረስ። ያ ማዳመጫ ሽቦው ኦርጋኗ ላይ ሲሰካ የኦርጋኗ ድምፅ ከክፍሉ ይጠፋና ጆሮህ ውስጥ ብቻ ይቀራል። ያን ቀን ግን የሰካው ቴፑ ላይ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቃት ፒያሳ በማላውቀው በር ገባችብኝ። ደወሉ ረዝሞ፣ ወፍሮ፣ ከሥሩ መዶሻዎቹ እየተከተሉ፣ ኦርጋኗ ደግሞ በመሀላቸው መንገድ እንደሚያቋርጥ ሰው እየተጠነቀቀች። ቀስ ብዬ፣ ለሱ ብቻ እንዲሰማ፣ ታምሩ ይሄ የእግዜር ሥራ ነው አልኩት። ከግቢው ማዶ ልብስ የምታጥብ ሴት «አሜን» ብላ መለሰችልኝ።

የዚህ ሁሉ ሥራ መምህሩ ማን ይመስላችኋል? እዚያው ግቢያችን ውስጥ የሚኖሩት እትዬ ዘነቡ ናቸው። እትዬ ዘነቡ አልቃሽ ነበሩ። ከእኛ መንደር እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ እሳቸው ሙሾ ያላወረዱበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም፤ ሟቹ ራሱ ቅር የሚለው ይመስል ነበር። ታምሩ የሚያውቀውም የማያውቀውም ሰው ለቅሶ ላይ ጥግ ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ሰው ለንፍሮ የመጣ ይመስለዋል፤ እሱ የመጣው ለእትዬ ዘነቡ ጉሮሮ ነው። ግጥሙ ሊያልቅ ሲል ድምፃቸው የምትሰበርባት አንዲት ቦታ ነበረች። ታምሩ «ሰባራዋ» ይላታል። በኦርጋኗ በነጩና በጥቁሩ ቁልፍ መሀል ናት፣ ማስቀመጫ የላትም ይለኝ ነበር። እሷን ፍለጋ ያልጠመዘዘው ጉጥ አልነበረም፤ አላገኛትም።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። የእትዬ ዘነቡ አንድ ልጅ፣ ተማሪው ሳህሉ፣ ከቤት ተወሰደ። ተገደለም። እንዲህ ለሞተ ልጅ ማልቀስ ክልክል ነበር፤ ጥቁር መልበስም፣ ድንኳን መትከልም። ለሰው ሁሉ ልጅ ያለቀሱት ሴት ለራሳቸው ልጅ ማልቀስ ተከለከሉ። እንዳያለቅሱም በቀለ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ይዞ ከግቢያችን በር ሥር ተቀመጠ። በቀለ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ ከሳህሉ ጋር ኳስ ሲጫወት አድጎ፣ ከእትዬ ዘነቡ ሞሰብ ስንት ጊዜ ቆርሷል።

እትዬ ዘነቡ ግቢውን መጥረግ ያዙ። የተጠረገውን መልሰው ይጠርጋሉ። ዓይናቸው ደረቅ፣ ፊታቸው እንደ ተዘጋ በር። ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ እሰማ ነበር፤ ያልወጣ እንባ ውስጥ ይበላል፣ ዘነቡ አእምሯቸውን ሊስቱ ነው ይሉ ነበር። መንደሩ በበኩሉ የቻለውን አደረገ። ማንም ማንንም ሳያዝ ሬዲዮውን ሁሉ አጠፋ። ታምሩም ሽቦውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ጎረቤት ሐዘን ሲገባ ዘፈን አይሰማም፤ ይህን ሕግ የሚሽር መንግሥት ገና አልመጣም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ታምሩ ጠራኝና በሩ ላይ እንድቆም፣ በቀለን በዓይኔ እንድጠብቅ ለመነኝ። እትዬ ዘነቡን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጧቸዋል። የጆሮ ማዳመጫውን በሻሻቸው ላይ ከማጥለቁ በፊት ተንበርክኮ አነጋገራቸው።

«እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ያልቅሱ። ከዚህ አይወጣም።»

መጫወት ጀመረ። እኔ የሰማሁት የቁልፎቹን ቀጭ ቀጭ ብቻ ነው። ግን የእትዬ ዘነቡን ፊት አይ ነበር። መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ ራሳቸውን ቀና አደረጉ፤ የሚጠራቸውን ሰው ድምፅ የለዩ ይመስል። እጃቸው ተነሥቶ ደረታቸው ላይ አረፈ፣ ደግሞ ተነሣ፣ ደግሞ አረፈ። የራሳቸው ዜማ እያስለቀሳቸው ነው። ከዚያ የታምሩ ጣት አንድ ቦታ ላይ ዘገየች፣ የእሳቸውም እንባ ዱብ አለ። ሰባራዋን አገኛት ማለት ነው። በሕይወቴ ከዚያ የሚበልጥ ሙዚቃ የተጫወቱበት ክፍል ገብቼ አላውቅም፤ አንዲት ድምፅ ሳልሰማ ቆሜ አለቀስኩ።

ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር ሁለታችንም ረስተናት ነበር። እትዬ ዘነቡ በልባቸው የሚያለቅሱ እየመሰላቸው «ሙሽራዬ» ብለው በሙሉ ድምፃቸው አወረዱት። ሳይዳር ለሞተ ወጣት እንዲያ ነው የሚለቀሰው። ግቢው አስተጋባ። የበቀለ ወንበር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ በጣቴ ለታምሩ ምልክት ሰጠሁት።

ታምሩ ሽቦውን መዞ ነቀለው። ኦርጋኗ ቤቱን ስታናጋው ታዲያ ሙሾ አልነበረም፤ ጣቶቹ በአንዲት ትንፋሽ ወደ ሰርግ ዘፈን ተሻግረዋል። እትዬ ዘነቡ ማዳመጫውን አወለቁና በቀለን በሩ ላይ አዩት። ነገሩ ገባቸው። እንባቸው እየወረደ ማጨብጨብ ጀመሩ። ለልጃቸው ሊያጨበጭቡት የነበረውን ጭብጨባ።

በቀለ ምን እየተደረገ እንደሆነ ጠየቀ። ታምሩ መጫወቱን ሳያቆም «የሰርግ ልምምድ ነው፣ ጓድ። እትዬ ግጥም እያወጡልኝ ነው» አለ።

በቀለ እትዬ ዘነቡን አያቸው። ረጅም ጊዜ አያቸው። «ቀጥሉ» አለና ተመልሶ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ ዘፈኑ ቀጠለ፤ እትዬ ዘነቡም እስኪወጣላቸው ድረስ አለቀሱ።

መንደሩ ግን ጆሮ አለው። የልጅ ሬሳ ባልበረደበት ግቢ ባለሽቦው የሰርግ ዘፈን አስነካው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ የሚሰጠው ጠፋ። አንጥረኞቹ ቴፑን ይዞ ሲመጣ መዶሻቸውን ያስቀምጣሉ፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ ጠጋ የሚልለት የለም። እውነቱን እንዳይናገር፣ ነገሩ በቀለ ጋ ሳይሆን ከበቀለ በላይ ቢደርስ የሚወሰዱት እትዬ ዘነቡ ናቸው። እሳቸው እናገራለሁ ሲሉም እግራቸው ላይ ወድቆ ከለከላቸው። እኔንም አስማለኝ። እንዲህ ሆኖ፣ የመንደሩን ድምፅ ሁሉ ሲለቅም የኖረው ሰው ከመንደሩ አንድ ቃል የማይወረወርለት ሆኖ ኖረ፤ ዓመታት።

ያ መንግሥት ሲወድቅ የተከለከለው ለቅሶ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። እትዬ ዘነቡም ለሳህሉ ድንኳን ተከሉ። እድርተኛው ሞላ። ታምሩ ከግቢው ውጭ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። እሳቸው ተነሥተው «ባለሽቦውን ጥሩልኝ፤ ከነኦርጋኑ» አሉ። ለቅሶ ቤት ኦርጋን? ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። እትዬ ዘነቡ እንደ ቆሙ ያን ቅዳሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። ሲጨርሱ የእድሩ ዳኛ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ለታምሩ ለቀቁለት።

ከቤቴ ሽቦ ሳብን። ኦርጋኗ በጉልበቱ ላይ ተቀመጠች። እኔ ከፊት ተቀምጫለሁ፤ በስተመጨረሻ ልሰማ ነው። ታምሩ እጁን አሳርፎ የመጀመሪያውን ቁልፍ ተጫነ።

መብራት ሄደ።

ፒያሳ ነው፤ ምን ይደረጋል። ታምሩ ጣቱን ሳያነሣ ወደ እትዬ ዘነቡ ቀና አለ። እሳቸው መጥተው እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉና ሙሾውን ራሳቸው አወረዱት፤ ሰባራዋ ጋ ሲደርሱ ድንኳኑ በሙሉ አብሮ ተሰበረ። ታምሩ አንገቱን ደፍቶ በሞተችው ኦርጋን ላይ ይከተላቸዋል። እኔ ቅርብ ስለነበርኩ፣ ከዋይታው ሥር ያችኑ ቀጭ ቀጭ ሰማኋት።

ማንም ስለ መብራቱ አልተማረረም። በሰፈራችን ታሪክ የመጀመሪያው ይመስለኛል።