የኦቦ ለታ ጥርስና የአዴ ጫልቱ ጠላ

አንዲት ቃል ብዋሽ ዕድሜዬን ያሳጥረው! ሽማግሌ በዕድሜው ሲምል እመኑት፤ ብዙ ያልቀረው ሰው ያለችውን በከንቱ አያስይዝም።

ሰው ያላየውን ይንቃል፤ ካየው ደግሞ ይፈራዋል። ጡረታ ወጥቼ እኩዮቼ አምቦ ላይ ካርታ ሲጫወቱ፣ እኔ ከአንዲት አሮጌ ማይክሮስኮፕ ጋር ተጎለትኩ። ከሁሉቃ ወንዝ አንዲት ጠብታ ጠብ አድርጋችሁ እዩ፤ አገሩን በሙሉ ታገኙታላችሁ። ፓራሚሲየም የሚሉት ነጠላ ጫማ መሳይ ፍጡር፣ ጉዳይ ሳይኖረው እንደ ደላላ ሲሮጥ ንፋሱ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። አሜባ የራሱ ቅርጽ የለውም፤ ስንት ሹም እንዳስታወሰኝ አልናገርም። አብልጬ የምወዳት ግን ድንጋይ ላይ ከሚበቅለው ሽበት ውስጥ የማገኛትን ባለ ስምንት እግሯን የውሃ ድብ ነው። ስትደርቅ ሞታ ትከርማለች፤ ውሃ ጠብ ሲልላት ብድግ! ልክ አበል ያለው ስብሰባ እንደተጠራ የቢሮ ሰው።

የእድራችን ዳኛ ኦቦ ለታ ከአፉ መፋቂያ አይለይም። አንድ ቀን ጠላ ሻጯ አዴ ጫልቱ ቤት ከሚጠጣው ጠላ በጠርሙስ ቀድቶ መጣና «እስቲ የኔንም አሳየኝ» አለ። አየ። እርሾው እንቡጥ እያወጣ ይራባል።

«ያ ዋቅ! ይሄ ሁሉ ነፍስ ሆዴ ገባ?»

«እርሾ ነው እኮ! እሱ ባይኖር የምትጠጣው የጌሾ ሻይ ነበር።»

ማን ሰምቶኝ! ወሬው ከተማውን ዞሮ ሲመለስ እርሾው እባብ አክሏል። ያንኑ ጠላ ዕድሜ ልካቸውን ሲጨልጡ የኖሩ ጀግኖች ደጇን ሲያልፉ አፍንጫቸውን ያዙ።

አዴ ጫልቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች። «ማሎ ጋሼ፣ ልጆቼን በምን ላሳድግ? በዚህ ብረትዎ ቤቴን ዘጉት እኮ!»

በማግስቱ ኦቦ ለታን ከነአጃቢዎቹ ጠራሁ። መፋቂያውን ከአፉ መንጭቄ ጫፉን መስታወቱ ላይ አሸት አደረግሁና «እይ» አልኩት። የሚሽከረከር፣ የሚምዘገዘግ፣ የሚጋፋ! የጉደር ገበያ እንዲህ አይጨናነቅም።

«ይሄስ የማን ጠላ ነው?» አለ በድል።

«ያንተ አፍ ነው።»

አጃቢዎቹ ፈቀቅ አሉ። ዳኛ ግን ተረትቶ አያውቅም፤ ጉሮሮውን ጠራርጎ «እኔስ ብያለሁ! የጠላው ትል የአፉን ትል ሊበላ ነው የተፈጠረው» አለና በቀጥታ ወደ አዴ ጫልቱ ቤት ገሰገሰ። አጃቢዎቹም ተከተሉት። ዛሬ እዚያ ቤት ብትገቡ ሽማግሌው ሁሉ ጠላውን ተጉመጥምጦ ነው የሚውጠው። እውቀት አምቦ የገባው እንዲህ ነው።

ሁሉም እውነት ነው አልኳችሁ። አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ጨምሬያለሁ፤ ለዚህች እንኳ ዕድሜ አይቀነስም። የኦቦ ለታ ጥርስ እንደ ወተት የነጣ ነው፤ ከመፋቂያው ምንም አልወጣም። መስታወቱ ላይ ሲጋፋ የዋለው ገበያ፣ አስቀድሜ ቀብቼ ያቆየሁት፣ የራሴው አፍ ነበር።