ትርንጎ ለምን አትቀመጥም?

ዝም ብሎ መቀመጥ እንዲህ የሚከብድ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ትርንጎን ከወለድሁ በኋላ ነው። የመጨረሻ ልጄ ናት፤ ስምንት ዓመቷ። ውኃ ቅጂ ሲሏት ጀሪካኑን ይዛ ትወጣለች፤ ቆይታ የጎረቤት ጥጃ እየጎተተች ትመለሳለች። ጀሪካኑስ? እግዜር ይወቀው።

መምህሯ አስጠራችኝ። ክፍል ውስጥ አትረጋም፣ የጀመረችውን አትጨርስም፣ በዚሁ ከቀጠለች ሁለተኛ ክፍልን ትደግማለች አለችኝ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ከምትደግም ቤት ትዋል ብዬ ቆረጥሁ። ከአራተኛ ክፍል የቀረሁት እኔ ምን ጎደለብኝ? መምህሯ ግን፣ "አባቴ፣ ከማስቀረትዎ በፊት ፍኖተ ሰላም ወስደው ያስመርምሯት" ብላ ለመነችኝ።

መጀመሪያ ጠበል ወሰድኋት። እዚያስ መች ቆመች! ቄሱ መስቀሉን ግንባሯ ላይ ሲያደርጉላት፣ "አባ፣ መስቀልዎ እኮ ተሰንጥቋል" አለቻቸው። ገልብጠው ቢያዩት እውነትም ተሰንጥቋል። ስንት ዘመን በእጃቸው ይዘውት! "ጠበሉን አትተው፤ ሐኪምም አሳያት" አሉኝ እየሳቁ።

መምህሯ የሞላችውን ወረቀት ይዤ፣ ልጄን አስከትዬ፣ ከቡሬ ተሳፈርሁ። ፍኖተ ሰላም ስንወርድ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ተሳለምሁ። እኔ ሳልሳለም ማለፍ አይሆንልኝም።

ሆስፒታል የተቀበለችን ባለሙያ ወጣት ናት። ነገሩ በአንድ ቀን አይታወቅም፤ ዓይኗም ጆሮዋም ይታያል፤ የቤትም የትምህርት ቤትም ጠባይዋ ይጠየቃል አለችኝ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። ዕቃ ትጥላለች? አዎ። የታዘዘችውን ትረሳለች? ወዲያው! ሲያናግሯት ሐሳቧ ይሄዳል? ይኼንን ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፤ በመስኮቱ አንድ ጋሪ እያየሁ ነበርና አልሰማኋትም።

"ከቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሰው አለ?"

"ኧረ የለም! ካለም በእናቷ በኩል ነው።"

"እሺ፣ የመምህሯን ወረቀት ይስጡኝ።"

ኪሴን ዳበስሁ። ጋቢዬን አራገፍሁ። ወረቀት የለም! ልጄ ትማር ትቅር የሚታወቅበት ወረቀት የለም።

ትርንጎ ከጉያዋ አንድ የታጠፈ ነገር አወጣች። "አባዬ፣ ሲሳለሙ ከደጁ ድንጋይ ላይ ትተውት ነው። ዣንጥላዎም ይኸው።"

ባለሙያዋ ወረቀቱን አነበበች። ትርንጎን አየች። እኔን ግን ረዘም አድርጋ አየችኝ።

"አባቴ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም። ቀልብ አላት፤ ካዘዙበት ቦታ አልቆይ ይላታል እንጂ። ከፊት ወንበር ትቀመጥ። ሲያዟት አንድ በአንድ ይሁን፤ ስትጨርስ ያመስግኗት። በወሩ መልሰው ያምጧት።"

"ትምህርቱስ ይቅር?"

"እንዴት ይቀራል!"

እሺ ብዬ ተመለስሁ። የተባልሁትንም ለባለቤቴ ሳላስቀር ነገርኋት። በእርግጥ ግማሹን የነገረቻት ትርንጎ ናት።

ትርንጎ አሁን ከፊት ወንበር ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጀሪካኑም አንዳንድ ቀን ውኃ ይዞ ይመለሳል። ባለቤቴም ምክሩን አጥብቃ ይዛዋለች። ትናንት ሱቅ ስትልከኝ "ጨው" ብቻ አለችኝ። ይዤ ስገባ፣ "ጎበዝ!" ብላ አመሰገነችኝና፣ "አሁን ደግሞ ክብሪት" ብላ መልሳ ሰደደችኝ።