ነጠላ የለበሰው ድግር

የአንድ ሰው ዕድሜ ተወቅቶ ለነፋስ ሲሰጥ አውድማው ላይ ስንት ቁና ይቀራል? ጥበቡን የሚደብቅ ሰው ይህን ጥያቄ አይወድም፤ ቁናውን ሊያይበት የመጣ ይመስለዋል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት አገር የለም። ቀለም በጥባጩ ደብተራ ቅጠሉን፣ ጠጅ ጣይዋ የጌሾዋን ልክ ደብቀው ይሞታሉ። መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል ይባል የለ! የነዚህ ሰዎች ጠላት ሌባ አይደለም፤ ተመልካች ነው።

የዚህ ወገን ሊቀ ጠርጣሪዎች የስማዳው አያ ጓዴ ነበሩ። ለረግረጉ ጥቁር መሬታቸው አዲስ ድግር ጠርበዋል፤ ድግር ከማረሻው ግራና ቀኝ ተጋድሞ አፈሩን የሚገልጠው እንጨት ነው። የሰው ገብስ ውሃ ተኝቶበት ሲበሰብስ የሳቸው ይቆማል። ሲያርሱ ድግሩን ነጠላ ያለብሱታል። «ዓይን እጅ አለው» ይላሉ። አንድ ቀን የነፍስ አባታቸው በማሳው ዳር ሲያልፉ አያ ጓዴ ነጠላው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡበት፤ «አባ፣ ወገቤን ይዞኛል» ብለው መስቀል ሳይሳለሙ ቀሩ።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። አዲስ መሣሪያ የሠራ ሁሉ ይመዝገብ፣ ማኅተም ያለበት የባለቤትነት ወረቀት ይሰጠው፤ የየአውራጃው ብልሃትም በወረቀቱ ብዛት ይለካል ይላል። የጋይንት አውራጃ ጸሐፊው ጸጋዬ መዝገቡን ታቅፎ ከንፋስ መውጫ በበቅሎ ወጣ። ጋይንትን ዞሮ አንድም ስም አላገኘም። የአውራጃው መጨረሻ፣ የስማዳዋ ወገዳ ሲደርስ ተስፋው አያ ጓዴ ብቻ ነበሩ።

«ወረቀቱን ከያዙ ማንም አይነካብዎትም፣ አያ ጓዴ።»

«ለማግኘትስ?»

«ድግሩን አይቼ መልኩን እዚህ ላይ እሥላለሁ።»

«ሥዕሉን ማን ያየዋል?»

«አዲስ አበባ ያሉት ሹማምንት።»

«ደምሌን፣ የልጅነት ጎረቤቴን ከልክዬ ለማላውቀው ሹም ላሳይ?»

«ሹም እኮ አያርስም!»

«የማያርስ ሰው ስለ ድግር ምን ቸገረው? እኔን የሚያስጠረጥረኝ ይኸው ነው፣ ልጄ።»

ጸጋዬ ሦስት ቀን ለመነ። በሦስተኛው ቀን አያ ጓዴ፣ እንደ ትልቅ ቸርነት፣ «ስሜን ጻፍ፤ የሥራውን ቦታ ባዶ ተወው» አሉት። ባዶውን ማን ያትምበታል? በቅሎውን ጭኖ ተነሣ።

ቁልቁለቱን እንደ ጀመረ ደምሌን ሲያርስ አገኘው። የድግሩ አንዱ ክንፍ ረዥም፣ ሌላው አጭር ነው፤ አፈሩን ወደ አንድ ወገን እየገፋ ለውሃው ቦይ ይተዋል።

«ይኸ የማን ሥራ ነው?»

«የአያ ጓዴ ነዋ፣ ጌታው! እስከ እስቴ ድረስ የሚታረሰው በዚሁ ነው።»

«ምስጢር አልነበረም እንዴ? በምን አያችሁት?»

«ድግሩን ማን አየው? ያየነው ትልሙን ነው። ትልም ነጠላ አይለብስ!»

«እሳቸው ያውቃሉ?»

«እግዚኦ! ከቤት ሲወጡ ሚስታቸው እትዬ ሙሉነሽ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ‹እሽ! እሽ!› ይሉልናል። ይኸኔ ሁላችንም በሬ ፈተን አሮጌውን ድግር እናስራለን። ምስጢራቸውን ካጡ ምን ይቀራቸዋል?»

ጸጋዬ እርሳሱን አወጣ። ሥሎ ቢልከው ጋይንት አንድ ይቆጠርለታል፤ አያ ጓዴም ወረቀት በእጃቸው ይገባል። ግን ወረቀቱ በደረሰ ዕለት ድግራቸው መታየቱን ያውቃሉ። እርሳሱን መልሶ ከተተ፤ በመዝገቡም ላይ «ስማዳ፦ የለም» ብሎ ጻፈ። በዚያ ዓመት ዘገባ ጋይንት ብልሃት ያልዞረበት አገር ሆኖ ቀረ። ጸጋዬ አለቃው ሲቆጣው አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ ወገዳ በሄደ ቁጥር ግን አያ ጓዴን ሳይጠይቅ አይመለስም ነበር፤ ማሳቸው ዳር ሲደርስም ፊቱን አዙሮ ይቆምላቸዋል።

አያ ጓዴ ያረፉት በስድሳ አንድ ሰኔ፣ አገሩ ሁሉ በሬ ጠምዶ ሳለ ነው። ስማዳ ብዙ ነገር አድርጎላቸዋል፤ የመጨረሻ ልመናቸውን ግን የፈጸመላቸው የለም። ሰው ሁሉ እንዲወጣ አዘው ደምሌን ብቻ አስቀሩና እጁን ይዘው፣ «አደራ፣ ድግሬን እሳት ውስጥ ክተትልኝ» አሉት። «ስታቃጥለውም ዓይንህን ጨፍን።»