ቀይ መብራትና አማቴ

በሐረር ከተማ ስለ መኪና የማያውቅ ሰው ከፈለጋችሁ በከንቱ አትድከሙ፤ በቀጥታ መካኒክ ጋ ሂዱ! ሌላው ሕዝብማ ሁሉን ያውቃል... ያውም ሳይጠየቅ!

አንዲት ያገለገለች መኪና ገዛሁ። (ያገለገለች ያልኩት ለክብሯ ነው፤ ጡረታ የወጣች ብላችሁ ያዙልኝ።) እኛ ጋ የከረሙትን አማቴን ጊደር መጋላ ገበያ በርበሬ አሸምቼ ስመለስ፣ ቀይ የፍሬን መብራት ቦግ አለ። በነጋታው ድሬዳዋ ወርደው ባቡር ሊሳፈሩ! ወደዚያ የሚያወርደውን የደንገጎን ቁልቁለት ታውቁት የለ? አማቴ ደግሞ መኪናዋን ገና እንዳዩ፣ «ልጄን የሰጠሁት ለዚህ ቆርቆሮ ነው?» ያሉ ሴት ናቸው። በአውቶቡስ ከሄዱማ አለቀልኝ! አገር ቤት ያለ ዘመድ ሁሉ መሳቂያ ያደርገኛል።

እየበረርኩ ፈረስ መጋላ፣ መካኒኩ ሸምሱ ጋ ወሰድኳት። አንገቱን በመስኮት አስገብቶ አየ፣ አየና...

«መምህር፣ ይሄ የፍሬን መብራት ነው።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ!»

«ካወቅህ ታዲያ ምን አመጣህ?»

ጉድ እኮ ነው! የፍሬን ዘይት ጨመረ፤ አልጠፋም። አራቱንም ጎማ ፈታ፤ አልጠፋም። የከበበን የሊቃውንት ጉባኤ «ሽቦ ነው»፣ «አየር ነው»፣ «ቡዳ በልቷት ነው» እያለ ተከራከረ። የቀበሌያችን ሊቀመንበርም ብቅ ብለው፣ «ጓድ መምህር፣ ቀይ ቀለም ምን በደለህ?» አሉኝ። መሳቅ ይፈቀድ እንደሆን ስላልገባኝ በግማሽ አፌ ሳቅሁ። በመጨረሻ ሸምሱ፣ «ወላሂ፣ ፍሬኑ ይይዛል። አንተ መብራቱን አትየው!» ብሎ ሸኘኝ። ሕክምና ተብዬ!

በነጋታው አማቴን ጎኔ አስቀምጬ፣ መብራቱን በመሀረብ ሸፍኜ ተነሳሁ። (አዎ፣ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ። ምን ይጠበስ?) ደንገጎ አፋፍ ላይ መሀረቡ ዱብ አለ።

«ይሄ ቀይ ምንድን ነው?»

«ፍ... ፍሬን ነው፣ እማማ።»

«አቁም! በእግሬ እወርዳለሁ!»

አቆምኩ። በሩን ከፈቱና፣ በመሀላችን ያለውን የእጅ ፍሬን ጨበጥ አድርገው፣ ወደ ላይ ስበው፣ «እህህ» ብለው ተነሱ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ!

ለካ ትናንት ጊደር መጋላም የወረዱት እንዲሁ ኖሯል! ገመዱ ላልቶ ጎማ አይይዝም፤ መብራት ማብራት ግን አላቃተውም። እኛ አገር የእጅ ፍሬን ማለት ጎማ ሥር የሚወሸቅ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ሸምሱም፣ ጉባኤውም፣ እኔ ጅሉም ድንጋያችንን በእግራችን ገፋ አድርገን ከመሄድ በቀር ያንን ብረት ልብ አላልነውም።

ወደ ታች ገፋሁት። መብራቱ ድርግም!

«ይግቡ እማማ፣ ተሠራ!»

ገቡ። ጎናቸውን ዳበስ አደረጉና ዓይናቸው ፈጠጠ።

«መያዣዬን የት አደረግኸው? መልሰው እንጂ! ስወርድ ምን ልይዝ ነው?»

አልመለስኩትም። ድሬዳዋ በሰላም ደረስን፤ ባቡሩም አላመለጣቸውም። በወሩ ለባለቤቴ ከእናቷ ደብዳቤ መጣላት። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ስለ መኪናው ጠይቋቸው፣ እሳቸውም ፍርዳቸውን ሰጥተዋል፦ «መኪናውስ ደህና ነው። ባልሽ ግን ቆንቋና ነው፤ ለአሮጊት መያዣ እንኳ ይነፍጋል!»