የተሳለሟት አውራ ጣቴ

አባቴ «ጉልበትህ የሰማይ ነው፤ ወገብህ የምድር» ይል ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና። ለመስገድና ለማረስ ማለቱ ነው። ስለ እግር አውራ ጣት ግን አንድም ነገር ሳይናገር ሞተ። እኔ ደግሞ ከሦስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። አባቴ ያልነገረኝን ከየት ላውቀው?

ሥራዬ ማር ነው። ደካ ገጠር ወርጄ ከጫካ ለጫካ እየዞርኩ እገዛለሁ፤ ቦንጋ ገበያ አምጥቼ እሸጣለሁ። እግሬ እምቢ ካለች ቤቴ ጦሙን ያድራል።

አንድ ዓመት፣ ፋሲካ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ጠዋት ብነቃ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ቲማቲም መስላለች። ቀልታ፣ አብጣ፣ ትግላለች። ነጠላ ሲነካት እንኳ እጮሃለሁ።

ጎረቤቴ ጋሽ ወልዴ መጣ፤ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሰሙነ ሕማማትን ሙሉ ጣቱን እያጠፈ ሲሰግድ ሰንብቶ! ምን ይሁን?» አለ። እውነት ነው፣ ሰግጃለሁ። ዝም አልኩ። ዝምታ ውሸት ነው እንዴ? ያኔ አይመስለኝም ነበር።

ወሬ እግር አያመውም፤ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። የሰንበቴያችን ሙሴ፣ ማለትም የማኅበሩ መሪ፣ አርጅተው ስለነበር «ተተኪውማ ተገኘ» ተባለ። እትዬ ብርሃኔ የሚባሉ የሰፈራችን ባልቴት ሊጠይቁኝ መጡና፣ «እስቲ ይቺን የጸሎት ጣት ልሳለማት» ብለው ጎንበስ አሉ። ሳልከለክላቸው ተሳለሟት! ወዳጄ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። «አያችሁ፣ እንባም ተሰጥቶታል» አሉ። ባለቤቴ አስካለ እየሳቀች ጓዳ ገባች። እሷ ታውቃለቻ! ሃምሳ አምስት ቀን የጾምኩትን በፋሲካ አማቼ ቤት፣ በጥሬ ሥጋና በጠጅ፣ በሁለት ቀን እንደካስኩት አይታለች።

ቀጥሎ ወጌሻ መጣ። ቅቤ ቀብቶ አሸኝ። እጁ ለወለምታ የተባረከ ነው፤ አልዋሽም። የጋለች ጣት ማሸት ግን የሚነድ ቤት ላይ ጭድ መጨመር ነው። በማግስቱ መሬት መርገጥ አቃተኝና ጋሽ ወልዴ በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰደኝ።

ሐኪሟ ከሌላ ክልል የተመደበች፣ አይቻት የማላውቅ ልጅ ናት። የነገረችኝን አስቀድሜ ላካፍልህ፤ ውርደቴ ይቆየን። እኛ ያመመውን ሁሉ «ቁርጥማት» ብለን በአንድ ስልቻ እንከታለን አይደል? ለየችልኝ። ያረጀ ጉልበት ሲሄዱበት ይብስበታል፣ ሲያሳርፉት ይሻለዋል። የሁለቱም እጅ ጣቶች ጠዋት ጠዋት ተገትረው እስከ ረፋድ አልታዘዝ ካሉ ያ ሌላ ነው፤ ሳይቆዩ መታየት ነው። ድንገት ተነስታ እንደ እሳት የምታቃጥል አውራ ጣት ግን ብዙ ጊዜ ሪህ ናት። አትታሽም። እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ ጣል ማድረግ፣ የታዘዘውን ክኒን መዋጥ፣ ውሃ መጠጣት፣ ሥጋና መጠጥ መቀነስ። እኔ ይኼን ስፈጽም ከሳምንት በኋላ ደካ ወረድኩ።

አሁን ወደ ውርደቴ። «ጋሼ፣ ሰሞኑን ሥጋና መጠጥ በዝቶ ነበር? ጠጅስ ስንት ብርሌ ጠጡ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ጋሽ ወልዴ ነጠቀኝ። «እሱ? እሱ እኮ ጸሎተኛ ነው! የስግደት ቁስል ነው፣ ልጄ!» አላት። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ። እሷም፣ እንዲህ ከሆነ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል፣ በመርፌ ወግቼ ማየት አለብኝ አለችና ጓንቷን አጠለቀች። መርፌዋን አየኋት፤ ረዥም ናት። ጣቴን አየኋት። ጋሽ ወልዴን አየሁት። ሙሴነቴ በዓይኔ ላይ ዞረ።

«ቆይ፣ ልጄ!» አልኩ። አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ጠፋ። የአማቼን ቤት፣ ጥሬ ሥጋውን፣ ጠጁን፣ ዝም ማለቴን፣ ሹመቱን በልቤ መመኘቴን፣ እትዬ ብርሃኔን ማሳለሜን፣ አንድ በአንድ ዘረገፍኩት። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «እግዚአብሔር ይፍታህ» የምትለኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

ልጅቷ ጓንቷን አወለቀች፣ እስክሪብቶዋን አነሳች፣ እንዲህም አለችኝ፦

«ጋሼ፣ ይኼን ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ እኔ የጠየቅሁዎት ስንት ብርሌ እንደሆነ ነው።»