ከባላምባራስ ጓሮ የተነቀለው አበባ

የአበባ ዘር የሚቆጥር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሸዋ ሮቢት ላይ አይቻለሁ። ባላምባራስ ተክሌ ጠዋት ፈክቶ ማታ የሚጠወልግ አበባ አላቸው። የአንዱን ብናኝ በዶሮ ላባ ሌላው ላይ እየቀቡ ያዳቅሉታል። ለምን? ሁሉም አንድ መልክ እንዲያወጣ! ጠመም ብሎ ያበበውን ነቅለው ይጥላሉ።

ልጃቸውን አልማዝን እንዲድሩልኝ ሽማግሌ ላክሁ።

«ልጄን ዘሩ ከማይታወቅ የካራቆሬ ጎረምሳ ጋር አላዳቅልም!» አሉ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ሰይድ፣ ጓሮው ውስጥ ቀጥ ብሎ የፈካውን አበባ አዩና፣ «ባላምባራስ፣ የዚህስ ዘሩ ከወዴት ነው?» አሏቸው።

«እሱማ ካራቆሬ፣ መንገድ ሠሪዎች ሰፈር ተጥሎ ያገኘሁት ነው። የሁሉንም መልክ ያሳመረልኝ እሱ ነው!»

«ታዲያ የኛም ልጅ ከካራቆሬ አይደል?»

ባላምባራስ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ያንን አበባ እዚያው ከነሥሩ መነገሉት!

አልማዝ ግን በማግስቱ ራሷ ተነቅላ መጣችልኝ።