አባ ጓንት ከሻለቃ ጅራት ሥር የዘመቱት ዘመቻ

አዲሱ ምንጣፍ በሳሎኑ በነገሠ በአንደኛው ዓመት፣ ሻለቃ የተባለው አጭር እግር ወፍራም ውሻ መቀመጫውን ወለል ላይ መጎተት በጀመረ በሦስተኛው ወር፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊነታቸውን አስረክበው በክብር ጡረታ የወጡት፣ ምክር የማይሹት፣ የስልክ ቪዲዮ ያስተማራቸው፣ በኋላም አባ ጓንት የተባሉት ጌታ ያደረጉትን እንጽፋለን።

በዚያም ዘመን ከሻለቃ ጅራት ሥር፣ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ የሽታ ከረጢቶች አንፈስም ብለው ሞልተው ነበር፤ ቤቱም ፀሐይ ላይ እንደከረመ ዓሣ ሸተተ፤ ሻለቃም እፎይታ ፍለጋ ምንጣፉን ከዳር እስከ ዳር በመቀመጫው አረሰው። ይህን ያዩት እመቤት አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማኝ የልጆቼ አባት፣ ይሄ ውሻ አንድ ጊዜ ብቻ ይድገመውና እህቴ መጋዘን ዘበኛ ሆኖ ይሄዳል። ልመና አልሰማም፤ ከፈለግክ አንተም ተከተለው።»

ጌታችን ሻለቃን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይወዱት ነበርና ሊታደጉት ቆርጠው ተነሡ። ሐኪም ዘንድ እንውሰደው ያለችውን ታላቋን ልጃቸውን ግን ንቀው፣ ሠላሳ ዓመት ፋይል ያገላበጠ እጅ ለዚህ አያንስም አሉ። ወእምዝ ሦስት ቪዲዮ ተመልክተው፣ ስለ አቋቋም የሚናገረውን አራተኛውን መሐል ላይ ዘግተው፣ ወደ መታጠቢያ ቤት ዘመቱ። የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነው፦ ራስ ያዥ ታላቋ ልጅ፣ ሆድ ደጋፊ አማቻቸው፣ የፎጣ አዛዥ ታናሿ ልጅ፣ መሰላል ሊዋስ መጥቶ መመለስ ያቃተው ጎረቤት፣ በደጀንም በረኪና የጨበጡት እመቤት። ጌታችን ጓንት አጠለቁ፤ በጥጥ ይሸፍኑት ሲባሉ ይህ የፈሪ ነው ብለው፣ ልክ ከኋላው ጎንበስ ብለው ጨመቁ። ከረጢቱም መለሰላቸው፤ መነጽራቸውን መታ፣ ጢማቸውን አረጠበ፣ የተረፈውም ግድግዳ ላይ ተጻፈ። ሠራዊቱ ተበተነ፤ ጎረቤቱ መሰላሉን ረስቶ ሸሸ። እሳቸው ግን ከሻወር ሥር ሆነው ድል ማድረጋቸውን አስነገሩ።

ድሉም አሥራ ስምንት ቀን ቆየ። በአሥራ ዘጠነኛው ሻለቃ ወጥ ቤት ውስጥ ሲጎተት ተገኘ፤ እመቤትም ቅዳሜ መኪና ላኪ ብለው ለእህታቸው ደወሉ። ያን ጊዜ ታላቋ ልጅ ማንንም ሳትጠይቅ ውሻውን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟም ከረጢቶቹን በሁለት ደቂቃ ባዶ አድርጋ አዋጅ ላከች፦ «ከረጢቶቹን የሚጨምቃቸው ጠጠር ያለ ሰገራ ነው። ይሄ ውሻ ወፍሯል፣ ሰገራውም ልል ነው። እናንተ ቤት ከጠረጴዛ ሥር ጮማ የሚያቀብል ሰው አለ፤ እሱ እጁን ካልሰበሰበ የእኔ ጓንት ምንም አይፈይድም።»

ጌታችን ስለ አቀባዩ ማንነት ብርቱ ምርመራ እንዲደረግ አዘዙ፤ በጎረቤቱም ላይ ጥርጣሬያቸውን ገለጹ። ወዲያው እራት ሲቀርብ ሻለቃ ልጆቹን አልፎ፣ አማቹን አልፎ፣ አገጩን በጌታችን ጉልበት ላይ አሳርፎ አፉን ከፈተ። ምርመራውም ተዘጋ።

ስለ ፍትሕ ይህም ይጻፍ፤ ያን ጊዜ አልካዱም። እስከ ጆሯቸው ቀልተው አዋጅ አስነገሩ፦ «እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም እጆቼ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ ልጄ ትጠብቃቸው። ውሻው ግን አይሂድብኝ።» እመቤትም የሁለት ወር ጊዜ ሰጡ።

ታላቋ ልጅ የተቀቀለ ዱባ ከምግቡ ጋር ቀላቀለች፣ ጠዋት ጠዋትም አስሮጠችው። የጌታችን ድርሻ ምንም አለማድረግ ነበር፤ ይህም አላባቸው። በሁለተኛው ወር ማብቂያ ሐኪሟ ዳስሳ ከረጢቶቹን ባዶ አገኘቻቸው፤ የእመቤት እህትም ሌላ ዘበኛ ፈለጉ።

እነሆ ታላቁ አባ ጓንት! የመታጠቢያ ቤቱ አንበሳ፣ በገዛ ቀኝ እጃቸው ላይ የዘመቱ፣ ጮማ በሁለት ጣት ይዘው ሻለቃ እያየ ወደ ገዛ አፋቸው የመለሱ፣ በዚህም ገድል ሁለት የቀበቶ ቀዳዳ የወፈሩ፣ ልጃቸው ያዳነችውን ውሻ እኔ አዳንኩት እያሉ ለመንደሩ የሚያወሩ! ሻለቃ አኩርፏቸው እመቤት እግር ሥር ይተኛል፤ እሳቸውም ከወንበራቸው ሆነው ያዩታል፣ እዚያም በመተኛቱ ደስ ይላቸዋል፤ ክብራቸው ከዘመን ዘመን ይጽና።